እንትፍ ያሉብኝ ጎረቤታችን

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችንን ቡዳ አሰኝቻቸዋለሁ። ቀለል አድርጌ ልናገረው ብል አልሆነልኝም።

የምንኖረው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ በነበረ የቀበሌ ግቢ ነበር። ጎረቤታችን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ገንቦና ድስት የሚሸጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ዘራቸው ሸክላ ሠሪ ነው እየተባለ ይታሙ ነበር። እኔ ግን ነፍሴ እሳቸው ዘንድ ነበረች፤ ፀጉሬን እንኳን ከእሳቸው በቀር ሰው አላስነካም።

አንድ ቀን ትኩሳት ጣለኝ። መቃዠት ስጀምር የግቢው ሴቶች ተሰብስበው ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አፍንጫዬ ሥር ያዙና "ማነው የበላሽ?" ይሉኝ ጀመር። በዚያን ሰዓት በሽተኛ የጠራው ሰው ቡዳው እሱ ነው፤ ይግባኝ የለውም። እኔ ደግሞ ከመካከላቸው ያጣሁት እሳቸውን ነበር። ጠራኋቸው።

ከቤታቸው ጎትተው አመጧቸው። ቡዳው ምራቁን እንትፍ ካለበት በሽተኛው ይድናል ይባላል። እንትፍ ቢሉ ማመናቸው ነው፤ እምቢ ቢሉ ልጅ ገደሉ ሊባሉ ነው። እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። ትንሽ ቆመው አዩኝና እንትፍ አሉብኝ።

በማግስቱ ተሻለኝ። አባቴ ያንኑ ዕለት ክሊኒክ ወስዶ መርፌ እንዳስወጋኝ ያስታወሰ የለም። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ቧንቧ ሲወርዱ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ፀጉሬንም ሌላ ሰው ሠራኝ። አንድም ቀን እውነቱን አልተናገርኩም። ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ካደግሁም በኋላ ዝም ብያለሁ።

ግቢው ፈርሶ ተበታተንን። ዘንድሮ እዚያው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንዳሉ ሰማሁና ልጄን ይዤ ሄድኩ። በጣም አርጅተዋል። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ያኔ የጠራኋቸው ናፍቄያቸው እንደሆነ፣ ያዳነኝም መርፌው እንደሆነ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።



"እኔም እንዲያ እል ነበር፣ ልጄ። ግን እኮ እንትፍ ስልብሽ ተሻለሽ" አሉኝ።

ልጄ ልትስማቸው ጠጋ ስትል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

"ወዲያ አድርጊልኝ" አሉ፤ "ታምራለች፣ እንዳላያት።"