ተሳታፊ አሥራ አራትን ፍለጋ፦ ካምፓላ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ

መጋቢት 2014 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኢንቴቤ በረርኩ። የሄድኩት አንድ ሰዓት ለማይሞላ ቀረጻ ነው። ማስተርሴን የሠራሁበት የካምፓላ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመራማሪዎቹ ሥራቸውን ለማንኛውም ሰው በቀላል ቋንቋ የሚያስረዱበት ፖድካስት አለው። በኮሮና ጊዜ ግቢው ሲዘጋ፣ መምህራኑ ማሚቶ እንዳይኖረው ቁም ሣጥን ውስጥ ጭንቅላታቸውን ከተው በስልካቸው እየቀዱ ነው የጀመሩት። የቀድሞ አማካሪዬ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ «ያንቺን የዓሣ ጥናት አብረን እናውራው» ብለው ጻፉልኝ። ሐዋሳ ቤቴ ተቀምጬ በኢንተርኔት መጨረስ እችል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ካምፓላ ናፍቃኝ ነበር፤ ሰበብ ነው ያገኘሁት።

በአሮጌው መንገድ

ከኢንቴቤ እስከ ከተማ በኮንትራት ታክሲ መቶ ሺህ ሺሊንግ ተስማማን። ሾፌሩ ወደ አዲሱ ፈጣን መንገድ ሊታጠፍ ሲል በአሮጌው እንዲወስደኝ ለመንኩት።

«እዚያ እኮ መንገዱ በመኪና የተጨናነቀ ነው፣ እመቤት።»

«ትዝታ አለብኝ» አልኩት። ሳቀና ቀጥታ ነዳ።

መንገድ ዳር አልጋ የሚሠሩት አናጺዎች አሁንም አሉ። ቀዩ አፈር፣ የበሰለው የጃክ ፍሬ ሽታ፣ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ቆመው እንደ ሽማግሌ የሚያሰላስሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ ሁሉም አሉ። ዋንዴጌያ ስንደርስ ወርጄ ሮሌክስ ገዛሁ፤ ቻፓቲ ውስጥ የተጠቀለለ እንቁላል ነው። በተማሪነቴ አንድ ሺህ ነበር፣ አሁን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሆኗል። ቆሜ እየበላሁ እንባዬ መጣ። ሻጩ ሚጥሚጣ የበዛብኝ መስሎት ውኃ አቀበለኝ።

ኪኩቦ

ከሰዓት በኋላ ለቀረጻው ክፍል ማሚቶ የሚከላከል ብርድ ልብስ እንድገዛ ታዝዤ ወደ ኪኩቦ ወረድኩ። የጅምላ ሱቆቹ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ጭነት የተሸከሙ ሰዎች ግራ ቀኝ ይገፉኛል። የፈለግኩት የሀብቶምን ሱቅ ነው። ሀብቶም ኤርትራዊ ነጋዴ ነው፤ ተማሪ ሳለሁ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ያከራየኝ ሰው።

«እንቋዕ ብደሓን መጻእኪ!» ብሎ በትግርኛ እንኳን ደህና መጣሽ ካለኝና ካቀፈኝ በኋላ ወደ አማርኛው ዞረ። «አንቺ! ስምንት ወር ሙሉ ግቢዬን ዓሣ ዓሣ እንዲሸት ያደረግሽው ልጅ!»

«ይቅር አላልከኝም ማለት ነው?»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ቆይ ግን፣ ምን ነበር የምትሠሪው? ሰው ሲጠይቀኝ ዛሬም መልስ የለኝም።»

«ከምርት በኋላ የሚደርስ ብክነት» አልኩ። «በአነስተኛ አምራቾች የእሴት ሰንሰለት ላይ…»

«አሃ» አለ።

«ገባህ?»

«ምንም።»

ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ አሸከመኝ። ልከፍለው ብል፣ «አንዲት ሳንቲም ካወጣሽ ተጣላን!» ብሎ ጮኸብኝ። በሳቅ ተለያየን፤ ግን ያቺ «ምንም» የምትለው ቃል ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ተፈናጥጬ ስመለስም አልለቀቀችኝም።

ረቡዕ ጠዋት

አማካሪዬን ተማሪ ሁሉ «ምዜ» ነው የሚላቸው፤ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው፣ በአክብሮት። ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። ቢሯቸው ግን ያው ነው፣ መስኮቱ እንኳ ያኔ እንደተሰነጠቀ ነው። ብርድ ልብሶቹን ግድግዳው ላይ ሰቀልንና የፖድካስቱ አዘጋጅ ብሬንዳ ማይኩን መሐላችን አኖረች። ብሬንዳ ወጣት ናት፤ መምህራንን እንደ ሰው መናገር ለማስለመድ ብዙ ተሠቃይታለች።

ምዜ «በዚህ ናሙና ውስጥ» ሳይሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጀምሩም። ብሬንዳ አምስት ጊዜ አስቆመቻቸው። ተራው የእኔ ሲሆን ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ተሳታፊ አሥራ አራት እንደገለጸችው» ብዬ ጀመርኩ።

ብሬንዳ ጆሮዋ ላይ ያለውን ማዳመጫ አወለቀች። «አሥራ አራት ማናት?»

የእኛ ሥራ ልማድ ነው፤ የጠየቅነው ሰው እንዳይጎዳ ስሙን ደብቀን ቁጥር እንሰጠዋለን። አስረዳኋት።

«ማን ቁጥር ያዳምጣል? ምን ዓይነት ሴት ናት?»

«ፖርት ቤል ወደብ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የምታደርቅ፣ ሳቂታ፣ ጠዋት ሳልበላ እንደመጣሁ ዓይኔን አይታ የምታውቅ፣ ከራሷ ሳህን የበቆሎ ገንፎ የምታጎርሰኝ…»

«በቃ እሱን በይ!»

ምዜ ጣታቸውን አነሡ። «ያለ ፈቃዷ ስሟን መጥራት አንችልም። ነገ ሄደን እንጠይቃት።»

መሄዱን ፈራሁት። ምክንያቱም ያኔ ሁሉም ተሳታፊዎች የፈረሙበት ቅጽ የመጨረሻ መስመር፣ «የጥናቱን ውጤት መጥተን እንነግራችኋለን» ይላል። እያንዳንዷን ሴት ዓይኗን እያየሁ፣ በቃሌ ባጠናሁት የአገሩ ቋንቋ፣ በሉጋንዳ፣ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ ተመረቅኩ፣ ሻንጣዬን ሸከፍኩ፣ በረርኩ።

ሐሙስ፣ ፖርት ቤል

በሦስት ቦዳ ሄድን። ምዜ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ሄልሜታቸው ዓይናቸው ላይ እየወረደ፣ ከፊቴ ይሄዳሉ። ሐይቁ ከሩቅ ሲታየኝ ሃያ አራት ዓመቴ የሆነ መሰለኝ።

ሴቶቹ ሙኬኔ የሚባለውን ጣት የማታክል ብርማ ዓሣ መሬት ላይ በአሮጌ መረብ ዘርግተው ያደርቁ ነበር። ተሳታፊ አሥራ አራትን በድምፅዋ አወቅኳት። መንታ ስለወለደች ሰው ሁሉ ናሎንጎ ይላታል። ወገቧ ጎብጧል።

«ባለ ወረቀቷ ልጅ!» ብላ ሁለት እጄን ያዘች።

ስለ ስሟ ላነሣ አፌን ስከፍት ሰማዩ ጠቆረ። መጋቢት ላይ የካምፓላ ዝናብ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሴቶቹ ተጯጩኸው ወደ ዓሣው ሮጡ፤ እኛም አብረን። በመጥረጊያ፣ በእጅ፣ በቀሚስ ጫፍ እየሰበሰብን ግማሹን እንኳ ሳናነሣ ወረደብን። የቀረው ከጭቃ ጋር ተለወሰ።

ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጠልለን ስናለከልክ፣ ናሎንጎ ከጣቷ ላይ አሸዋ እያራገፈች ጠየቀችኝ። ምዜ ተረጎሙልኝ።

«ያን ሁሉ ጠይቀሽን ነበር። ምን አገኘሽ?»

የእሴት ሰንሰለት የሚባለው ነገር ከአፌ አልወጣም። «ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ ቆጥ ሠርታችሁ ብታደርቁት» አልኩ፣ «ቶሎ ይደርቃል፣ አሸዋ አይነካውም። ዝናብ ሲመጣም መሰብሰብ አያስፈልግም፤ እላዩ ላይ ላስቲክ መጣል ብቻ ነው።»

ወደ ጭቃው አየች። «ይህን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ ተናገረች። ምዜ ቃሉን ወደ እኔ ለማሻገር ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ረስታን ነው ስል ኖርኩ፤ ይቅር ብዬሽም ነበር። ለካ አልረሳሽንም። ታውቂ ነበር፣ ግን አልነገርሽንም።»

አለቀስኩ። አላባበለችኝም። ስለ ፈቃዱ ስጠይቃት ግን ሳታመነታ ሙሉ ስሟን ለብሬንዳ ማይክ ተናገረች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ሬዲዮ ላይ ከማውራቴ በፊት እዚያ ለተጠለሉት ሴቶች ሁሉ እንድነግራቸው። ተነሥቼ ነገርኳቸው። ምዜ አንድ እንጨት አንሥተው ጭቃው ላይ ተክለው የቆጡን ከፍታ እስከ ወገባቸው እያሳዩ፣ «በዚህ ናሙና ውስጥ» ማለቱን ረስተው፣ በገዛ ቋንቋቸው አብረውኝ አስረዱ። ሴቶቹ ሽቦው የት እንደሚገኝ፣ እንጨቱን ምስጥ ይበላው እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚካፈል እየጠየቁ አፋጠጡን። ለግማሹ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ከተማሪነቴ ጀምሮ ከገባሁበት ጉባኤ ሁሉ እንደዚያ የተጠየቅኩበት የለም።

ብሬንዳ ቀረጻውን አላቋረጠችም። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፃችንን ሊውጠው ምንም አልቀረው። «ቢሮ የቀዳነውን እጥለዋለሁ» አለች።

ዓርብ፣ ወደ ቤት

አውሮፕላኑ ከሐይቁ ላይ ሲነሣ ወደ ታች እያየሁ አሰብኩ። የናፈቀችኝ ካምፓላ እኔ ወጣት የነበርኩባት፣ ሰው ከሳህኑ ያጎረሰኝ ከተማ ናት። እኔ በትዝታ ሳጣፍጣት እዚያ ያሉት ሴቶች በየዝናቡ ዓሣቸውን ከጭቃ ሲለቅሙ ኖረዋል። ናፍቆቴ ውሸት አልነበረም፤ ግን ማንንም አልጠቀመም።

ቅዳሜ ሐዋሳ ገባሁ። ሻንጣዬን ሳልፈታ የሥራ ጠረጴዛዬን መሳቢያ ከፈትኩ። ከአምስት ዓመት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ላይ የሠራነው የመረብ ጥናት ስም ዝርዝር እዚያ ነበር፤ ከየቁጥሩ ጎን ስም፣ ከየስሙ ጎን ስልክ። ከላይ ካለው ጀመርኩ። ጋሽ ዱካሞ ይባላሉ። ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

«ጋሽ ዱካሞ፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስለ መረብዎ ስጠይቅዎት የነበርኩት መምህርት ነኝ።»

«አወቅኩሽ» አሉ በድካም። «ደግሞ ምን ልትጠይቂኝ ነው?»

«ምንም። መልሱን ልነግርዎት ነው።»



«ቆይ እስቲ» አሉ፣ «ልጆቹንም ልጥራቸው።»