«ከድር፣ ጃንጥላህን ልያዘው?»

አክስቴ ካረፈች አርባዋ አልፏል። ንብረቷን የተናዘዘችው ግን ገና በደህና ጤናዋ፣ በንስሐ አባቷና በሽማግሌዎች ፊት ነበር፤ ከመቱ ወዲያ ቡሬ ያለው የቡና ማሳ ለእኛ ለእህቷ ልጆች፣ አልጋና ወንበሮቿ ለአረጋውያን መጦሪያ፣ ጥቁሩ ጃንጥላ ለጎረቤቷ ለባለሱቁ ለከድር።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ ያለው ሁሉ የሰው ዕቃ ሆነባት። የመቱን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ደመናው በከበደ ቁጥር ደጇ ላይ ቆማ ትጣራለች።

«ከድር! ጃንጥላህን ልያዘው?»

«ኧረ እትዬ፣ የእርስዎ አይደል እንዴ!»

«በሽማግሌ ፊት ሰጥቼህ?» ትቆጣለች።

ሱቁ ተዘግቶ ካገኘችው ጃንጥላውን ቤቷ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ትታ፣ በዝናብ እየራሰች ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እኔ እናደድ ነበር። «ሰው የገዛ ዕቃውን ያስፈቅዳል?» ስላት፣ «የሰው ነገር ሳያስፈቅዱ አይነኩም» ትለኛለች።

ተዝካሯ እንዳለቀ ጃንጥላውን ለከድር አስረከብኩት። ትናንት ዶፉ ሲወርድ፣ ጃንጥላውን እንደታጠፈ በብብቱ ይዞ፣ የተዘጋው ደጇ ላይ ቆሞ ሲበሰብስ አገኘሁት።

«ምነው ከድር፣ አትዘረጋውም?»

ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል፣ «እትዬ ሳይጠይቁኝ እንዴት ልዘርጋው?» አለኝ።