የፈንታው ማዕቀብ

ፈንታው የወገዳ ተወላጅ፣ የንፋስ መውጫ ነዋሪ ነው። በልጅነቱ ዜማ ሊማር ቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ድምፁ ፍየል ያስደነብራል ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በጓሮው ድንች ይተክላል፣ በሬዲዮ ደግሞ ዓለምን ያስተዳድራል። ጠዋት አሜሪካን ይገስጻል፤ ከሰዓት ቻይናን ይመክራል፤ ሩሲያን ሳይቆጣ አይተኛም። ይስሙት አይስሙት የራሳቸው ጉዳይ ነው። የሠፈሩ ዕድር ሊቀመንበርም ስለሆነ «የፀጥታው ምክር ቤት» ይሉታል፤ ሰው ሁሉ እሺ ያለውን እሱ «አይሆንም!» ካለ ቀረ ማለት ነዋ።

ትምህርቱ አንድ ነው። «የቆየ ኃያል ለአዲስ ኃያል ቦታ ከለቀቀ አለቀለት። ዛሬ ጠጋ በልልኝ ይልሃል፣ ነገ ደጅ ታድራለህ።» ይህን ሲል ጓደኛው ደጀኔ ራሱን ይነቀንቃል፤ የገባው ይምሰል እንጂ ልቡ አረቄው ላይ ነው።

ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አምና ገበያው አጠገብ የወጣት ነጋዴዎች ዕድር ተቋቋመ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት። ሊቀመንበሩ የባጃጅ ዕቃ የሚሸጠው ነስሩ ነው፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ። የብረት ቋሚ ያለው፣ ጠብታ የማያስገባ ድንኳን ገዙ። የፈንታው ዕድር ድንኳንማ ምን ይወራለታል! አይጥ የበላው ሸራ ነው፤ ተኝተህ ኮከብ ትቆጥርበታለህ።

«መጣ!» አለ ፈንታው። «ሬዲዮኑ ሲነግረኝ የከረመው ይሄንን ነው!» ወዲያው ማዕቀብ ጣለ፦ አዲሱ ዕድር የገባ ሰው ከአሮጌው ዕድር ብረት ድስት አይዋስም፤ የአዲሱ ዕድር ድንኳንም በአሮጌው ዕድር አባል ግቢ አይተከልም። ወይ ማዕቀብ! ሴቶቹ ድስቱን በጓሮ አጥር ያሻግሩት ጀመር። መጀመሪያ ያሻገረችው ማን ናት ብትሉ፣ የራሱ ሚስት ውባንቺ። እሷማ ሁለቱም ዕድር ውስጥ አለች። «እኔን ምን ቸገረኝ፣» ትላለች ለጎረቤት፣ «ሁለቱም ይቅበሩኝ።»

ሐምሌ ሲገባ አብረውት የሚኖሩት እናቱ አልጋ ያዙ። አንድ ቀን እጁን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሞትስ አይቀርም። ለቅሶዬ ላይ ግን ሰው እንዳይበሰብስ» አሉት።

«ምን አስቸኮለሽ እናቴ፣ አታስቢ» አላቸው። የዚያን ሸራ ጉድ ግን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ነስሩን «እባክህ» ማለት? ሞት ይሻለኛል ብሎ ማለ፤ የሚሞቱት ግን እናቱ ነበሩ።

ያረፉ ዕለት ሰማዩ ተቀደደ። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው አሮጌው ድንኳን ውስጥ ገባ፤ መግባት ከተባለ። የቄሱ ጥምጣም ይንጠባጠባል፤ ባልቴቶቹ ነጠላቸውን ይጨምቃሉ። ፈንታው ቀና ብሎ ሰው ማየት አቃተው። እናቱ የለመኑት አንዲት ነገር ይህችው ነበረች።

ይሄኔ ነስሩ ከዕድሩ ወጣቶች ጋር ድንኳኑን በአህያ ጋሪ አስጭኖ መጣና ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ዝናቡ ይወርድበታል።

«ጋሼ፣ ፈጣሪ ያጥናዎት። ደንብዎን እናውቃለን። ግቡ ካሉን እንገባለን፤ አይሆንም ካሉንም እዚሁ ቆመን እናለቅሳለን።»

ሐዘንተኛ ለመጣው ሁሉ አይነሳም፤ ፈንታው ግን ተነሳ። አፉን ከፈተ፤ ደጀኔ «አይሆንም» ሊል ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ግባ እንጂ ልጄ! ሰው እየበሰበሰ ምን ትጠብቃለህ?» አለና ጭቃው መሃል ወጥቶ የነስሩ ትከሻ ላይ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ወጣቶቹ አሮጌውን ሸራ አላፈረሱትም፤ አዲሱን ከላይ ደረቡበት። ደጀኔ ጠጋ ብሎ፣ «አየኸው? ከላይ ወጣብህ እኮ!» ሲል አንሾካሾከ።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ አያፈስም» አለው ፈንታው።

ሠልስት ዕለት፣ እንደ ለቅሶ ቤት ልማድ፣ ጨዋታው ወደ ዓለም ወሬ ዞረ። ታላላቆቹ መንግሥታት እንደገና ተዛዝተዋል አሉ፤ የቆየው ንቅንቅ አልልም፣ አዲሱም አልመለስም ብሏል። ሰው ሁሉ ፍርዱን ከፈንታው ለመስማት ዞረ። እንባው ገና አልደረቀም።

«እነሱ ቤት» አለ ፈንታው፣ «ሰው አይሞትም እንዴ?»