በርበሬ የተሰጣበት መከለያ

በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ተቀጥሬ ወፍጮ ቤቶችን እመዘግብ ነበር። ቅጹ የሚጠይቀው ወፍጮውን የሚያሽከረክረውን የሞተር ቺንጋ የሚሸፍን የብረት መከለያ «አለ» ወይስ «የለም» ብቻ ነው።

ጅጋ ከተማ አንድ ወፍጮ ቤት ስደርስ መከለያው ደጅ ተዘርግቶ በርበሬ ተሰጥቶበታል። «ብረት ቶሎ ያደርቃል፣ ጌታዬ» አለኝ ባለወፍጮው። ውስጥ ቺንጋው ራቁቱን ይሽከረከራል። እኔ ደንቆሮው፣ መከለያውን በዓይኔ አይቻለሁና «አለ» ብዬ ፈረምሁ።

ከወር በኋላ ጤፍ ልታስፈጭ የመጣች ሴት ነጠላዋን ቺንጋው ጎተተው፤ ቀኝ እጇም አብሮ ሄደ። ስትከስ፣ ባለወፍጮው ለቀበሌው ሸንጎ ያቀረበው የእኔን ቅጽ ነበር። ሊቀመንበሩ ጮክ ብሎ አነበበውና፣ «መከለያ አለ ይላል። ነጠላሽን ጠበቅ አድርገሽ አታስሪም ነበር?» ብሎ ፈረደባት። ለምስክርነት የተጠራሁትን እኔንም ለጥንቃቄዬ አመሰገነኝ። እጅ ነስቼ ምስጋናውን ተቀበልሁ።

ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«መከለያውን የት ነበር ያዩት?» አለችኝ።

«ደጅ፣ በርበሬው ሥር።»

«እኔም እዚያው ነበር ያየሁት» አለች።