ለከፈን የተዋጣ ብር

የገበያ ቀን ነበር። ለአንዲት ሴት አቡጀዴ ለክቼ ልቀድላት ስል ጠብመንጃ የያዙ አራት ሰዎች ሱቄ ገቡ። ከጣቃዎቹ ሥር የብሩን ስልቻ ጎትተው ሲያወጡ ሴትየዋ «ኧረ እሱ የቅሬው ነው!» ብላ ጮኸች። ዝም አሰኟት። እኔንም ስልቻውንም አንድ ላይ ይዘው ሄዱ።

ያስገቡኝ የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ባላባቱም የለ፣ እህሉም የለ፤ የቀረው የነቀዝ ሽታና ሰው ነው። መስኮት የለውም። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። አንዱ «አብሽር፣ ትለምደዋለህ» አለኝ። አልለመድኩትም።

እኛ መካነ ሰላም ላይ ቅሬ የምንለው እስላምና ክርስቲያኑ ሬሳውን አብሮ የሚያነሳበትን ማኅበር ነው። የእኛ ቅሬ ዳኛ እስላም ከሆነ ገንዘቡን ክርስቲያን ይይዛል፤ ያዡ እኔ ነበርኩ። አይጻፍም። ሰው ፊት ይሰጣል፣ «እዩልኝ» ይባላል፣ አለቀ። መጻፍ ያዡን መጠርጠር ነው፤ አንድ ጊዜ ደብተር ይዞ የመጣ አስተማሪ ተሰድቦ ነው የተመለሰው። ያ ዓመት ደግሞ የድርቅ ዓመት ነው፣ ሰው ይረግፋል። ብሩ ከየጓዳው ተሟጦ ለከፈን የተዋጣ ነበር።

የሚመረምረኝ ካድሬ ወጣት ነው፤ ክፉ ፊት እንኳ የለውም።

«የማን ነው?»

«የቅሬው።»

«ወረቀት አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው የአድሃሪ ስንቅ ነው። ንፁህ ከሆንክ አንተ አስረዳ።»

«ጌታዬ፣ የሚያስረዳ ከሳሽ አይደለም እንዴ?»

ሳቀ። «ያዋጡትን ሰዎች ስም ስጠኝ። አንድ በአንድ ጠርተን እናጣራለን።»

ለጊዜው ረሳሁት ብዬ አመለጥኩ። በማግስቱ የቅሬያችን ዳኛ፣ ሰባ ያለፋቸው ሼህ፣ በራሳቸው እግር ሊመሰክሩልኝ መጡ። ግብረ አበር ተብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምን ሊሆኑ መጡ አንቱ!» አልኳቸው፤ ተናድጄ ነው።

«እንዴ፣ ሐቅ ልናገር ነዋ!» ዙሪያውን አዩና ሳቅ አሉ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። ንጉሡ ወረዱ፤ ተረቱ ግን አልወረደም ለካ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስም ጠየቀህ?» አሉኝ።

«ጠየቀኝ።»

«እንዳትሰጥ። ወላሂ፣ አንድ ስም ካወጣህ ነገ አገሩ ሁሉ እዚህ ነው የሚያድረው።»

እውነቱን ልናገር፤ ልሰጥ ነበር። ሱቄ ታሽጓል፣ ልጆቼ ርቧቸዋል። ስሞቹን በልቤ መደርደር ጀምሬ ነበር፣ ያውም ከማልወዳቸው ጀምሬ። አፍሬ ነው የምናገረው።

በሁለተኛው ሳምንት ተስቦ ገባብን። መጀመሪያ የጣለው ሼሁን ነው። ገላቸው እሳት ሆነ። ሲቃዡ ቅሬ የሚመሩ ይመስላቸዋል፤ «እናንተ ቆፍሩ፣ እናንተ ውሃ አምጡ» ይላሉ። አንድ ጠዋት አረፉ።

በሩን ደበደብን። ካድሬው ራሱ መጣ።

«ጌታዬ፣ ከያዛችሁት ብር ላይ የአንድ ከፈን ብቻ ስጡን» አልኩት። «ለዚሁ የተዋጣ ነው። እሳቸውም አዋጥተውበታል።»

ትንሽ አሰበ። «ስሞቹን ጥራልኝና አሁኑኑ ከሱቅህ አቡጀዴ አስመጣለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። ሼሁ መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ አንድ እግራቸው ከጋቢው ወጥቷል። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሬሳ ሲያስከፍኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አልጠራም» አልኩ።

«ያንተ ጉዳይ» ብሎ በሩን ዘጋው።

የዕለቱን የመጠጥ ውሃ አንድ ላይ አጠራቀምን፤ የሰሰተ ሰው አልነበረም። አንድ እስላም እስረኛ አጠባቸው። እኔ ነጠላዬን አወለቅሁ፣ ሌሎቹም አወለቁ። መርፌ ስለሌለን ከጫፉ ክር እየመዘዝን በጣታችን ቋጠርነው። ልኩን በክንዴ ለካሁ፤ ሥራዬ ነው። ጠባቂዎቹ ሬሳውን ሊወስዱ ሲመጡ ተከፍኖ አገኙት።

ከወራት በኋላ «ውጣ» አሉኝ። ጥፋተኛ ነህ አላሉኝም፤ ንፁህ ነህም አላሉኝም። ስለ ብሩ ስጠይቅ «በመጣራት ላይ ነው» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ቅሬው ሲሰበሰብ ከሰው ፊት ቆምኩ። ብሩን በላው ይሉኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። «ልማልላችሁ፤ ቁርዓኑንም መስቀሉንም አምጡ» አልኩ።

የሼሁ የበኩር ልጅ «ማን ከሰሰህ?» አለኝ።

ወደ ሰዉ ዞሮ «የሚከስ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ዝም አለ።

«በል ተቀመጥ» አለኝ። «ያልተከሰሰ ሰው አይምልም።»

ተቀምጬ አለቀስኩ። አሁን ሸምግያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ፍርድ ቤት አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ፍርድ ግን አላየሁም። ያን ቀን ዝም ካሉልኝ መካከል እዚያ መጋዘን ውስጥ በልቤ አሳልፌ የሰጠኋቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ እንዲያውም ሲወጣ ትከሻዬን ደግፎ ቤቴ አደረሰኝ። እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።