ማሪድ ከከተማው በር የቆመ ዕለት

ልጆቹ ይንገሩን ብለው ቀስፈው ያዙኝ። ፈቲያና አንዋር የልጄ የሐያት ልጆች ናቸው፤ እናታቸው ዓረብ አገር ስለሆነች እዚህ መካነ ሰላም እኔ ዘንድ ነው የሚያድጉት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ ላውራ፣ ፈቲያ ትጻፍ ብለን ተስማማን። ስሳሳት እንዳታቃናብኝም አስምያታለሁ።

ነገሩን የጫረው ከስልክ የወጣ ዜማ ነው። እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ፣ እነሱ ውስጥ በአንዲት ስልክ ላይ ግንባር ለግንባር ገጥመዋል። ድንገት ከበሮና ጥሩምባ ተሰማ፣ አስከትሎም ሕፃናት በዓረብኛ ሲዘምሩ፤ ምስሩ ከነሰፌዱ ከጭኔ ላይ ወርዶ ተደፋ፣ እኔም ሳላስበው ሁለተኛውን ስንኝ ከስልኩ ቀድሜ ዘመርሁት። አንዋር ሮጦ ወጣና አፉን ከፍቶ ቀረ።

"እማማ፣ ካርቱን ያውቃሉ እንዴ?"

"እናትህ ድክ ድክ ሳትል የማውቀው ነው" አልሁት።

ያኔ እኔም ልጅ ነበርሁ ማለት ይቻላል። የሐያት አባት ዘመቻ ሄዶ እንደ ወጣ ቀረ፣ ማሳው ጦም አደረ፤ እኔም ልጄን ጥርስ ሳታወጣ ለእማየ ትቼ፣ ከሰው ጋር በጅቡቲ በኩል ጂዳ ገባሁ። የተቀጠርሁበት ቤት ሂንድ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሲያበቃ፣ ሙቀቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ማቀዝቀዣው እንደ ታመመ በሬ እያቃሰተ፣ ሂንድ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ቴሌቪዥን ታያለች፤ እኔ የኩሽናው በር ላይ ተቀምጬ ባሚያ እየቆረጥሁ ባንድ ዓይኔ ቢላዋውን፣ ባንድ ዓይኔ ማሪድን አያለሁ። ማሪድ ማለት ግዙፉ ማለት ነው፤ ከመስጊድ ሚናራ የሚረዝም የብረት ሰው ነው፣ ደረቱ ውስጥ አንዲት እናት አባት የሌላት ልጅ ተቀምጣ ትነዳዋለች። ዘመኑ ወደፊት የሚመጣ ነው ትለኛለች ሂንድ፤ ቤቱ ሁሉ ድቡልቡል፣ መኪናው የሚበር፣ ሰዉ የብር ልብስ የለበሰ።

ፈቲያ አሁን ይህን በስልኩ ስታይ በሳቅ ወደቀች። ሰዎቹ በሰማይ እየበረሩ ስልካቸው ባለገመድ ነው፣ ኮምፒዩተራቸውም የልብስ ቁምሳጥን ያህላል። እውነቷን ነው። ያንን ሁሉ ብረት ያለሙ ሰዎች የልጅን ፊት ከባሕር ማዶ የሚያሳይ ስልክ ማለም እንዴት አቃታቸው እላለሁ፤ ለእኔ ከማሪድ ይልቅ እሱ ይሻለኝ ነበር።

ዓረብኛን ያስተማረኝ ያ ካርቱን ነው። ካርቱን የሚናገረው ዓረብኛ ደግሞ የጦርና የመስጊድ ኹጥባ ዓረብኛ እንጂ የሱቅ ዓረብኛ እንዳልሆነ ማን ነግሮኝ! አንድ ቀን ማዳም፣ የሂንድ እናት፣ ቲማቲም ግዢ ብላ ብትልከኝ፣ ባለሱቁ ፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ "ሰላም ለምድር ሕዝብ ይሁን! ቲማቲሙን ያለ መዘግየት አስረክቡኝ!" አልሁት። የመናዊው ባለሱቅ ሚዛኑን ለቅቆ ሆዱን ያዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሄድ "የጦር አዛዧ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!" ይላል፣ ቲማቲሙን ግን መርጦ ይሰጠኝ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ክፍል አንድ ነው። ጠላቶቹ ማሪድን ጠልፈው ባሕር ውስጥ ያሰምጡታል፤ ብዙ ዘመን አልፎ፣ ዝጎ፣ አረም ለብሶ ተመልሶ ከከተማው በር ይቆማል። የገዛ ከተማው ሰዎች አላወቁትም፣ ተኮሱበት። ያቺ ትነዳው የነበረች ልጅ ብቻ በጥይቱ መሃል ወጥታ እግሩን እንደ በር ታንኳኳና በስሙ ትጠራዋለች፤ አንዴ ትጠራዋለች፣ ዝም፤ ደግማ ትጠራዋለች፣ ዝም፤ በመጨረሻ ዓይኖቹ ብጫ ሆነው ቦግ ይላሉ። እኔ እዚያ ላይ ስደርስ ባሚያውም ጣቴም አይለዩኝም። ቴሌቪዥኑ ይህን ክፍል በደገመው ቁጥር ሂንድ "ዘይነብ፣ ነይ፣ ያንቺው ነው!" ብላ ትጠራኛለች። ለምን እንደማለቅስ ግን አታውቅም። ብረት ለብሶ፣ ዝጎ የመጣ ከታወቀ፣ እኔንም ልጄ ታውቀኛለች እያልሁ ነበር። ከቤት በካሴት የተቀዳ ድምፅ በሰው በሰው ይመጣልኛል፤ እማየ "ልጅሽ ደህና ናት፣ አብሽሪ" ትላለች፤ እስቲ እሷን አስናግሩልኝ ብዬ ብልክ "ታፍራለች" ነው መልሱ። ሂንድ ግን በእንቅልፏ "ማማ" ብላ የምትጠራው እኔን ነበር፤ ማዳም ይህን ሰምታ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ወደ አገሬ ተመልሼ ከደሴ በጭነት መኪና አቧራ ለብሼ የገባሁት የሐያት የወተት ጥርስ ሲወልቅ ነው። ግቢ ውስጥ ጠጠር ስትጫወት አገኘኋት። "ሐያቴ፣ እኔ እናትሽ ነኝ" ከማለቴ ጩኸቷን አቅልጣው ጎተራው ጀርባ ገባች። ሳቡልኝ ብል የጎተራውን እግር አቅፋ አልላቀቅ አለች። ጎረቤቱ "ሽቶሽ አስፈርቷት ነው፣ ትለምድሻለች" አለኝ። እማየ ጎንበስ ብላ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቀመች።

አልለመደችኝም። ከእጄ አትጎርስም፣ እኔ የተቀመጥሁበት መደብ ላይ አትቀመጥም፤ እማየን "እማ" ትላለች፣ እኔን እንደ ሩቅ ዘመድ "እቴ ዘይነብ"። አንድ ቀን ይህችን ልጅ በሳቅ ልግዛት አልሁና ሰፌድ ራሴ ላይ ደፍቼ፣ ጉልበቴን አድርቄ፣ ግቢውን ድም ድም እያልሁ እየዞርሁ ማሪድ ከበሩ የቆመ ዕለት የሆነውን ከመነሻ እስከ መድረሻ አወራኋት። አንዲት ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ "አንቺ ዘይነብ፣ ዓረብ አገር ምን አስያዙሽ?" ብትለኝ "ሰላም ለምድር ሕዝብ!" አልኋት። ሐያት አልሳቀችም። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣

"ከሞተ በኋላ ይነሳል እንዴ?" አለችኝ።

በራሷ ስትናገረኝ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ደስታ አሰከረኝ። "ይነሳል እንጂ! በስሙ ከጠሩት ይነሳል! እስቲ እኔንም ጥሪኝ!" ብዬ እጆቼን ዘርግቼ ድም ድም እያልሁ ወደ እሷ ሄድሁ። ልጅቱ ተነሥታ በረረች። እስኪመሽ እማየ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ ቀረች።

አደገች፣ ተዳረች፣ ወለደች፣ ፈታች፤ አንድም ቀን እናቴ ሳትለኝ እሷም በተራዋ እነዚህን ሁለቱን ትታልኝ ሄደች። እኔ ለሰው አገር ልጅ የሰጠሁትን ጉልበት አሁን እሷ ትሰጣለች። የሂንድ ቋሚ ጥርሶች በየትኛው ወር እንደ ወጡ ዛሬም አውቃለሁ፤ የሐያት የመጀመሪያ ጥርስ መቼ እንደ ወጣ ግን አላውቅም፣ ብጠይቅም የሚነግረኝ የለም።

ልጆቹ ያንን ክፍል ፈልገው አገኙልኝና ትናንት አብረን አየነው። በሻይ ማፍያ ውኃ አፍልቶ የማውረድ ያህል አጭር ነው። ያ ሚናራ የሚያህለው ማሪድ መዳፌ ላይ ቆሞ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። አንዋር "ቀርፋፋ ነው" ብሎ መሃሉ ላይ ኳሱን ይዞ ወጣ፤ ፈቲያ ለእኔ ስትል እስከ መጨረሻው ታገሠች። ዓይኖቹ ቦግ እስኪሉ ጠበቅሁ፤ ቦግ አሉ። እኔ ግን አላለቀስሁም። ብርሃኑን ሳይሆን ከበሩ ውስጥ ሆነው የሚተኩሱትን ሰዎች ነበር የማየው፤ ፈርተዋል እንጂ ክፉ አይደሉም፤ ይህን ያኔ ልብ አላልሁትም ነበር።

አሁን ፈቲያ የመጨረሻውን ጻፊ። ይህን ያወቅሁት እማየ ከሞተች በኋላ ነው። ሰደቃው ባለቀ ማግሥት ሐያት ከዓረብ አገር ደወለች፤ ብዙ አለቀሰችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አሠሪዎቼ ስልኬን ነጥቀውኝ ድምፄ ቢጠፋ፣ ልጆቼ ቢያስቸግሩሽም፣ ሞታለች እንዳትያቸው" አለችኝ። "ሐያቴ፣ ምን ሆኜ እንዲህ እላለሁ?" ብላት፣ "እማ ለኔ እንዲያ ብላኝ ነበር፤ አፌን ስፈታ አንቺን እየጠራሁ አላስተኛ ስላት፣ እናትሽ ሞታለች፣ አትጥሪያት አለችኝ። ያን ቀን ከበር ቆመሽ ሳይሽ የጮህሁት ሬሳ መስለሽኝ ነው።"