የኢያቄም የበርሜል ማንቂያ

ኢያቄም እንቅልፍ ይወዳል። ይህ ስም ማጥፋት አይደለም፤ ራሱም አይክድም። በተለይ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሬዲዮው ኳስ እያስተላለፈ ሶፋው ላይ ጋደም ካለ፣ ቂርቆስ ሰፈር በሙሉ ቢንጫጫ አይሰማም። ችግሩ ውሃም የምትመጣው እሑድ መሆኑ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ደስ ባላት ሰዓት ትመጣለች። ያኔ የውሃ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ የከተተ ሳምንቱን በሰላም ይከርማል፤ ያልከተተ ጄሪካን አንጠልጥሎ ሰው ቤት ሲለምን ይሰነብታል።

አንድ እሑድ ሚስቱ ስመኝ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ በርሜሉን አደራ አለችው። ኢያቄም አደራውን ተቀበለ፤ ጎማውን ከተተ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ጋደም አለ። ስትመለስ ውሃው ማዕድ ቤቱን አጥቦ ሳሎን ገብቷል፣ የጤፍ ዱቄቱ ማዳበሪያው ውስጥ እንዳለ ተቦክቷል፣ አባወራው አንድ እግሩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ያንኮራፋል። ከዚያ ወዲህ ስመኝ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤት ወጥታ አታውቅም። የሠርግ ጥሪ ቢመጣም፣ ማኅበር ቢኖርም፣ እሷ በርሜል ጠባቂ ናት።

አሁን ደግሞ የታናሽ እህቷ የፍሬሰላም ልጅ ክርስትና ደረሰ። ድግሱ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቀኑ እሑድ። ፍሬሰላም ስንት ዓመት ስለት ስትሳል ኖራ ያገኘችው ልጅ ነው። ስመኝ "እኔ እንግዲህ ሰኞ ሄጄ አየዋለሁ" ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

"እሑድ ትሄጃለሽ" አላት። "በርሜሉ ሲሞላ የሚቀሰቅሰኝ ማሽን እሠራለሁ።"

"አንተን የሚቀሰቅስ?" አለች ስመኝ።

ኢያቄም ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን ያለው ኤሌክትሮኒክስ ላይ ነው። ከመርካቶ ብሬድቦርድ የሚሉትን፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነጭ ፕላስቲክ ይዞ መጣ። ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካው እዚያ ላይ ነው። አንድ ትራንዚስተር፣ አንድ ባትሪ፣ አንዲት ጣት የማታህል ጯሂ። ከዚህ ሁለት ሽቦዎች ወጥተው በርሜሉ አፍ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ውሃው ሲደርስባቸው ጯሂዋ ትጮኻለች። ንድፉን ከኢንተርኔት አትሞ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።

ሽቦውን ያገኘው ከተጣለ የስልክ ገመድ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ጉዱም የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ኢያቄም በመሥሪያ ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቅል ሰው ነው። አንድ ጠዋት በእንቅልፍ ልቡ ገልብጦ ሰቅሎት፣ ቀዩ ከላይ ሆኖ እስከ ምሳ ሰዓት ሲውለበለብ ዋለ። የዚያን ቀን የወረደበት ቁጣ እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። ስለዚህ ሦስቱን ቀለማት ሲያይ እጁ ሳያማክረው ደረደራቸው፦ አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ ከመሐል፣ ቀይ ከታች። ራቅ ብሎ አየውና ደስ አለው።

ባትሪውን ሰካ። ሁለቱን ሽቦዎች ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነከራቸው። ምንም የለም።

ባትሪውን በምላሱ ነካው፤ ቆነጠጠው፣ ደኅና ነው። ጯሂዋን ነቅሎ በቀጥታ ባትሪው ላይ ሞከራት፤ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት አሰማች፣ እሷም ደኅና ናት። ትራንዚስተሩን አውጥቶ እግሮቹን አቃንቶ መለሰው፤ ዝም። በመጨረሻ ተናደደና ሁሉንም ነቅሎ፣ ከሀ እስከ ፐ እንደገና ሠራው። ከመጠንቀቁ የተነሣ ስሕተቱንም ሳይጥል መልሶ ሠራው።

ጎረቤታቸው ዳባ፣ የላዳ ታክሲ ሾፌሩ፣ በበሩ ብቅ አለ።

"ምነው ኢያቄም፣ አልነሣም አለህ እንዴ?"

"አልነሣ አለኝ።"

"መብራት እኮ ጠፍቷል፣ አልሰማህም?"

"በባትሪ ነው የሚሠራው፣ ዳባ።"

"እ፣ እንደሱ ነው? በቃ እንግዲያው ትንሽ ግፋው።" ዳባ ብሬድቦርዱን በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገው፣ ጆሮውን ደቀነ፣ በሐዘን ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ስመኝ ሽንኩርት እየከተፈች ይህን ሁሉ ታያለች። የነገው ልብሷ ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ኢያቄም ቀና ባለ ቁጥር ያየዋል፣ ባየው ቁጥር ያፍራል። በመጨረሻ ቢላዋዋን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

"ምን ይገባኛል ብለሽ ነው?"

"ባይገባኝም ንገረኝ።"

"ይኸው፣ ባትሪ። ቀይ ሽቦው ፕላስ፣ ጥቁሩ ማይነስ።"

"እሺ።"

"ቀዩን ከቀዩ ጋር አገናኘሁት።"

"ደግ። ጥቁሩንስ?"

"ጥቁሩን… ማለቴ፣ ከአረንጓዴው ጋር።"

"ለምን?"

"የቀረው እሱ ስለሆነ።"

ስመኝ ወረቀቱን ሳብ አደረገችው። "እዚህ ላይ ፕላሱ የት ነው?"

"ከላይ።"

"አንተ ከላይ ምን አደረግህ?"

ኢያቄም ከላይ የሰካውን አረንጓዴ ሽቦ አየ። ባትሪው ከሰዓት በኋላ በሙሉ ተገልብጦ ነበር። ደግነቱ የተቃጠለ ነገር የለም።

"ታዲያ ቀዩን ወደ ላይ አምጣዋ" አለች ስመኝ።

"ቀይ ከላይ? እኔ?" ኢያቄም ከልቡ ደነገጠ።

"አንተ ሰውዬ፣ ማንቂያ ነው የምትሠራው ወይስ ባንዲራ?"

ኢያቄም የሽቦ ሰንደቁን አልነካም። የባትሪውን ሁለት ጫፎች አቀያየረ፣ ሽቦዎቹን ብርጭቆው ውስጥ ነከረ። ጯሂዋ ቤቱን በጩኸት ሞላችው፤ ዳባ ከግቢው "ተነሣልህ!" ብሎ አጨበጨበ።

እሑድ ስመኝ ተኳኩላ ወጣች። ኢያቄም ጎማውን ከተተ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ጋደም አለ። እንቅልፍም እንደ ወትሮው ወሰደው። ጩኸቱ ሲነሣ ከሶፋው ተስፈንጥሮ ባዶ እግሩን ማዕድ ቤት ደረሰ። በርሜሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ማንቂያዋ ትጮኻለች። በገዛ እጁ የሠራት ማንቂያ! እንባው መጣ። ስልኩን አንሥቶ ደወለ።

"ስመኝ! ስሚው! ስሚው እንግዲህ!" ስልኩን ወደ ማንቂያዋ አስጠጋ።

ከወዲያ በኩል እልልታና የሴቶች ሳቅ ይሰማል። "ሰማሁ! ጎበዝ፣ የኔ ጌታ" አለች ስመኝ፤ አጠገቧ ላሉትም "ባለቤቴ ነው የሠራው" ስትል ሰማ፣ ደረቱ ተነፋ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

"ኢያቄም፣ ቧንቧውን ዘግተኸዋል?"

ኢያቄም ወደ ታች አየ። የማዕድ ቤት ነጠላ ጫማው ተንሳፍፎ ወደ ሳሎን እየሄደ ነበር።

"እየዘጋሁት ነው።"

ስመኝ ነጠላዋን አንሥታ ከድግሱ መሐል ስትነሣ ታየው።

"ዝጋና ወልውለው" አለች ስመኝ፣ ሳቋ እያቋረጣት። "ምንጣፉን ጠዋት ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እኔ ማታ ነው የምመጣው፤ ገና ድፎው አልተቆረሰም።"

ኢያቄም ዞር ብሎ ሳሎኑን አየ። ምንጣፉ እውነትም ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ እሱ ወለሉ ባዶ ሆኖ ሶፋው ላይ ተኝቶ ውሎ አላስተዋለም። ቧንቧውን ዘጋ፣ ጨርቅ ፈልጎ ተንበረከከና መወልወል ጀመረ። ማንቂያዋን ግን ለጊዜው አላጠፋትም።